ርካሽ ቤትና ሳይመከርበት የቀረው ሂሳብ

በእድራችን መዋጮው ተቆጥሮ፣ የድንኳኑና የድስቱ ነገር ከተነሣ በኋላ የሚቀጥለው ጨዋታ የቤት ነገር ነው። ኪራይ ጨመረ፣ ቦታ ጠፋ፣ መንግሥት ለምን ርካሽ ቤት ሠርቶ አይሰጠንም ይባላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን መንግሥት እየደጎመ ያከራየበትም፣ እየደጎመ ሠርቶ የሸጠበትም ጊዜ በአገራችን ታይቷል። በሁለቱም ጊዜ፣ ወጪውን ማን ይችላል፣ ቤቱስ ለማን ይድረስ የሚለው ነገር ሕዝብ በመረጠው ምክር ቤት ፊት በቅጡ ሳይመከርበት ሥራው ተጀመረ።

የመጀመሪያው የ1967ቱ ነው። ፓርላማው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ አብሮ ተዘግቶ ነበር። ደርግም ሐምሌ 19 ቀን የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገውን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፣ ቦታውም ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ሆነ። የወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ትርፍ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ፤ የአነስተኛ ቤቶችም ኪራይ ተቀነሰ። ያን ጊዜ ሰቆጣ በወሎ ክፍለ ሀገር የዋግ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። አዋጁ ለአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ስለነበር «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም በእኛም አፍ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው።

ከአከራይ ጭቅጭቅ ተገላገልኩ ብሎ ደስ ያለው ድኻ ብዙ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ክፉው ነገር የመጣው ቀስ ብሎ ነው። ኪራዩ እዚያው በተቆረጠበት ለአሥርት ዓመታት ቆየ። ታዲያ በወር ጥቂት ብር የሚከፈልባት ቤት ቆርቆሮዋ ሲያፈስ ማን ይቀይር? ቀበሌው ገንዘብ የለውም። ተከራዩ ደግሞ የራሱ ስላልሆነ እጁን ለመዘርጋት ይፈራል። ጭቃው ሲረግፍ፣ ማገሩ በምስጥ ሲበላ ዝም ተባለ። እኛ የእድር ሰዎች ይህ ሂሳብ አይጠፋንም፤ መዋጮ ሳይጨመር አንዱን ድንኳን ሃያ ዓመት እንትከለው ቢባል ማን እሺ ይላል?

ሁለተኛው የጋራ መኖሪያ ቤት፣ ማለትም የኮንዶሚኒየም ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ የተጀመረው በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ጊዜ፣ ገርጂ ላይ በተሠሩት የሙከራ ቤቶች ነው። የሚገርመው ወቅቱ ነው። አቶ አርከበ በ1995 ዓ.ም. የተሾሙት የከተማው ምክር ቤት ከፈረሰ በኋላ፣ በጊዜያዊ አስተዳደር ነበር። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት ከ138ቱ የምክር ቤት ወንበር 137ቱን አሸነፈ፣ ግን አስተዳደሩን ሳይረከብ ቀረ። በግንቦት 1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባላደራ አስተዳደር ተሾመ። የተመረጠ ምክር ቤት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው በ2000 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ለቤት የተመዘገበበት፣ ፎቁ በየቦታው የተነሣበት ዘመን፣ ተከራክሮ በጀት የሚያጸድቅ የሕዝብ ምክር ቤት ያልነበረበት ዘመን ነው።

ድጎማው በቦታው፣ በግንባታ ዕቃ ቀረጥና በባንክ ብድሩ በኩል ነበር፤ ምድር ቤት ያሉት ሱቆችም በጨረታ እየተሸጡ የሌላውን ወጪ ይደግፉ ነበር። ከዕጣው 30 በመቶ ለሴቶች ተለየ፤ ይህ በእኛ አስተያየት ከሁሉ የተሻለው ሥራ ነው። ሆኖም ዕጣ የወጣላት ድኻ ቅድሚያ ክፍያውን ከየት ታምጣ? አንዳንዱ ቤቱን አከራይቶ ራሱ ጎጆ ተከራየ። ዕጣውም ቢሆን ሁልጊዜ አልታመነም። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ለ25,791 ቤቶች የወጣው ዕጣ መረጃው ተነካክቶ ስለተገኘ ተሰርዟል።

ፕሮግራሙ ወደ ክልል ከተሞችም ተዘርግቶ ነበር፤ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ ግን በገንዘብ እጥረትና በፈላጊ ማነስ ቆመ። ፈላጊ ማነሱ ለእኛ አይገርመንም። ደገኛ ሰው እህል የሚያሰጣበት፣ ዶሮና በግ የሚያውልበት ግቢ ይፈልጋል፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን ያሰጣል?

ዛሬ በሰቆጣ የቤት ነገር የከበደው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በከተማውና በወለህ ተጠልለው ነበር። ለእነሱም ለነባሩ ተከራይም ርካሽ ቤት ይሠራ የሚል ሐሳብ ለከተማው ምክር ቤት ቢቀርብ ደስታችን ነው። ግን አስቀድሞ ቆርቆሮውን በአሥረኛው ዓመት የሚቀይረው ማን እንደሆነ፣ ቅድሚያ ክፍያ የሌለው ሰው ምን እንደሚደረግ በግልጽ ተነግሮን ድምፅ ይሰጥበት።

አንድ ነገር እንጨምር። በአዲስ አበባ የጋራ ቤቶች ግቢ ውስጥ ለእርድና ለድግስ ማብሰያ የሚሆን የጋራ ሕንፃ በፕላኑ እንዲገባ ተደርጓል። ከልደታና ከሌሎችም ነባር ሰፈሮች የተነሡት ግን እድራቸው ተበታትኖ፣ ለቀብር በሁለት አውቶቡስ ወደ ድሮው ሰፈር የሚመላለሱ፣ አዲሱ ሰፈር ላይም ሌላ እድር የሚያቋቁሙ ሆነው ነበር። ስለዚህ ፕላኑ እዚህ አገር ሲዘረጋ፣ ድንኳኑ የሚተከለው የት ላይ ነው ብለን በእድራችን ስም እንጠይቃለን።