ቡድን ከተማውን የሚለቀው ስለ ምንድን ነው? የበረዶ ሆኪ አዳራሾች ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ጨዋታን በሚከታተለው ሕዝብ ዘንድ በየጊዜው የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ቡድናችን ከተማችንን ለቆ ይሄድ ይሆን?» የሚል ነው። ስፖርትን በእግር ኳስ ዓይን ብቻ ለሚመለከት የማኅበራችን አባል ጥያቄው እንግዳ ሊመስለው ይችላል። በእኛ አገር ቡድን ሊሸነፍ፣ ከፍ ካለው ምድብ ወደ ዝቅተኛው ሊወርድ፣ ገንዘብ አጥቶም ሊፈርስ ይችላል፤ ነገር ግን ቅዱስ ጊዮርጊስ አንድ ማለዳ ተጫዋቾቹን በአውሮፕላን ጭኖ፣ ሌላ አገር ገብቶ፣ በሌላ ስም መጫወት ይጀምራል ብሎ የሚሠጋ ደጋፊ የለም። በሰሜን አሜሪካ ግን ይህ ብዙ ጊዜ የሆነ ነገር ነው። ምክንያቱ ሲጠየቅ የሚሰጠው የተለመደ መልስ የተመልካች ማነስ ወይም የአየሩ ሙቀት ነው። እኔ የካናዳይቱን ዊኒፔግንና የአሜሪካይቱን ፊኒክስን ታሪክ ተከታትዬ የደረስሁበት ሐሳብ ከዚህ ይለያል። ነገሩን ከሁሉ በፊት የሚወስነው አዳራሹ ነው፤ አዳራሹ የት እንደ ተሠራ፣ ለየትኛው ጨዋታ እንደ ተነደፈ፣ የማን ንብረት እንደ ሆነ፣ ዕዳውንም ማን እንደሚከፍል። ስለዚህም ጉዳዩ ከስፖርት ጋዜጠኛው ይልቅ ለእኛ ለመሐንዲሶች የቀረበ ነው ለማለት እደፍራለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የሊጉን አቋም መረዳት ያስፈልጋል። ናሽናል ሆኪ ሊግ በ1917 በሞንትሪያል የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ 32 ቡድኖች አሉት። ከታች ተወዳድሮ የሚወጣ፣ ተሸንፎም የሚወርድ የለም። ቡድን ማለት በአንድ በተወሰነ አካባቢ ለመጫወት ለአንድ ባለሀብት የተሰጠ ፈቃድ ማለት ነው፤ ፈቃዱ ይሸጣል፣ የሌሎቹ ቡድኖች ባለቤቶች በጉባኤ ሲስማሙም ከቦታ ወደ ቦታ ይዛወራል። በ1976 ከኦክላንድ ወደ ክሊቭላንድ፣ በ1980 ከአትላንታ ወደ ካልጋሪ፣ በ1982 ከዴንቨር ወደ ኒው ጀርሲ፣ በ1993 ከሚኒሶታ ወደ ዳላስ፣ በ1995 ከኩቤክ ወደ ዴንቨር የሄዱትን ማስታወስ ይበቃል። የኩቤኩ ቡድን በሄደ በመጀመሪያው ዓመት የሊጉን ዋንጫ በዴንቨር ስም አነሣ፤ ይህ ለኩቤክ ሰው ምን ያህል መራራ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ዊኒፔግ በካናዳ ሜዳማ ምድር የምትገኝ፣ ብርዷ እጅግ የከረረ ከተማ ናት። ቡድኗ ጄትስ በ1972 በተፎካካሪ ሊግ ውስጥ ተቋቁሞ፣ በዚያው ዓመት ዝነኛውን ቦቢ ኸልን በአንድ ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ክፍያ በማስፈረሙ መነጋገሪያ ሆነ። በ1979 ወደ ናሽናል ሆኪ ሊግ ገባ። የሚጫወትበት አዳራሽ ግን በ1955 የተከፈተ አሮጌ ቤት ሲሆን፣ ቡድኑም በውስጡ ተከራይ እንጂ ባለቤት አልነበረም። በ1990ዎቹ የተጫዋቾች ደመወዝ ሲያሻቅብ፣ ሌሎች ቡድኖች ወጪያቸውን የሚሸፍኑበት ዘዴ ለኩባንያዎች በውድ ዋጋ የሚከራዩ ልዩ ክፍሎችና የምግብ ቤት ገቢ ሆነ። አሮጌው አዳራሽ ለዚህ አልተሠራም። በዚያ ላይ ቡድኑ ትኬት የሚሸጠው በካናዳ ዶላር፣ ደመወዝ የሚከፍለው በአሜሪካ ዶላር ነበር፤ በወቅቱ የካናዳው ዶላር የሚመነዘረው ከሰባ አምስት የአሜሪካ ሳንቲም በታች ነው። በግንቦት 1995 በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጣ፤ ገንዘብ ተዋጣ፤ ልጆች የቁጠባ ሣጥናቸውን ይዘው መጡ። የተዋጣው ግን አዲስ አዳራሽ አላቆመም። ቡድኑ ሚያዝያ 28 ቀን 1996 የመጨረሻ ጨዋታውን አድርጎ ወደ አሪዞና በረሃ፣ ወደ ፊኒክስ ተሻገረ፤ ስሙም በበረሃው አውሬ ስም ካዮቲስ ተባለ።

በዚህ ጊዜ ብዙ ተቀለደ። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሚወጣበት አገር የበረዶ ጨዋታ! መሐንዲስ ግን በዚህ ቀልድ ብዙም አይሥቅም። የመጫወቻው በረዶ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ሲሆን፣ የሚያርፈውም ቧንቧ በተቀበረበት የኮንክሪት ወለል ላይ ነው፤ በቧንቧው ውስጥ የማይረጋ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይዘዋወራል። የውጪው ሙቀትና እርጥበት በጣሪያውና በግድግዳው እንዳይገባ ከተደረገና የማቀዝቀዣው ኃይል በትክክል ከተሰላ፣ ፊኒክስም ዊኒፔግም አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ በመብራት ሒሳቡ ላይ ነው።

የፊኒክስ ችግር ሙቀት ሳይሆን ጂኦሜትሪ ነበር። ቡድኑ የገባበት አዳራሽ በ1992 ሲከፈት የታሰበው ለቅርጫት ኳስ ነው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28.7 በ15.2 ሜትር ሲሆን፣ የሆኪ ሜዳ 61 በ26 ሜትር ነው፤ በስፋት ከሦስት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ንድፍ አውጪዎቹ ተመልካቹን ወደ ቅርጫት ኳሱ ሜዳ አስጠግተው መቀመጫውን ቁልቁል ስለ ደረደሩት፣ በረዶው ሲዘረጋ የላይኛው መቀመጫ በአንደኛው ጫፍ ከሜዳው በላይ ተንጠለጠለ። በዚያ የተቀመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሥራቸው ያለውን ግብ ማየት አይችሉም ነበር። ተመልካች የለም እየተባለ የሚወቀስ ከተማ፣ ግቡ የማይታይበት ትኬት ሲሸጥለት እንደ ነበር ማስታወስ ፍትሕ ነው። ቡድኑም በዚያ አዳራሽ ከቅርጫት ኳሱ ቡድን ቀጥሎ የሚስተናገድ ሁለተኛ ተከራይ ነበር።

ስለ አዳራሽ ከተነሣ ዘንድ፣ የኮኔቲከቷን ሀርትፎርድ ሳያነሡ ማለፍ ለሙያው ሰው ይከብዳል። በዚያች ከተማ የሆኪ ቡድኑ የሚጫወትበት አዳራሽ ጣሪያ፣ ወርዱ 91 ቁመቱ 110 ሜትር የሆነ የብረት ስፔስ ፍሬም፣ ጥር 18 ቀን 1978 ከሌሊቱ በበረዶ ክብደት ተደርምሶ ወደቀ። ጥቂት ሰዓት ቀደም ብሎ ወደ አምስት ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በሥሩ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ይመለከት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የተጎዳ አልነበረም። ንድፉ በኮምፒዩተር የተሰላ ነው። ሆኖም የጣሪያው የራሱ ክብደት አንሶ ተገምቷል፤ በግፊት የሚሠሩት የላይኛው ብረቶችም ጎናቸው በቂ ድጋፍ አልተደረገለትም። ከሁሉ የሚያስደነግጠው፣ ገና ሲሠራ ጣሪያው ከስሌቱ እጥፍ ያህል መጉበጡ ተለክቶ ሳለ በቸልታ መታለፉ ነው። አዳራሹ እስኪጠገን ቡድኑ ሁለት ዓመት በጎረቤት ስቴት በስፕሪንግፊልድ ተጫወተ፤ ደጋፊውም ድንበር እየተሻገረ ተከተለው። ይህ ሁሉ ታማኝነት ግን አላዳነውም፤ በ1997 ከስቴቱ መንግሥት ጋር ስለ አዲስ አዳራሽ ሲደረግ የነበረው ድርድር ሲፈርስ ቡድኑ ወደ ሰሜን ካሮላይና ሄደ።

ወደ ፊኒክስ እንመለስ። ለሆኪ የታነጸ አዳራሽ ለመሥራት መጀመሪያ የታሰበው በስተምሥራቅ በምትገኘው በስኮትስዴል ነበር፤ ትኬት ለመግዛት አቅም ያለው ደጋፊ የሚበዛውም በዚያ ወገን ነው። ያ ሐሳብ ሳይሳካ ቀርቶ፣ አዳራሹ በተቃራኒው ጫፍ፣ በስተምዕራብ በምትገኘው ግሌንዴል ተሠራ። በ220 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተሠርቶ በታኅሣሥ 2003 ሲከፈት፣ 180 ሚሊዮኑን ያወጣችው ሩብ ሚሊዮን ሕዝብ የማይሞላት ይህች ከተማ ናት። ሕንፃው እንከን አልነበረበትም፤ ከየመቀመጫው ሁለቱም ግቦች በደንብ ይታያሉ። ሆኖም በሥራ ቀን ማታ ከምሥራቁ ወገን ተነሥቶ በተጨናነቀ አውራ ጎዳና ወደ ምዕራቡ መድረስ አድካሚ ነው። የከተማይቱ ተስፋ በአዳራሹ ዙሪያ ሱቆችና ቤቶች ተሠርተው ከሽያጭ ግብር ዕዳው እንዲከፈል ነበር። የ2008 የኢኮኖሚ ቀውስ ያንን ተስፋ ሰበረው። በእኔ ግምት ከስሕተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ የቦታ ምርጫ ነው፤ መልካም ሕንፃ ያለ ቦታው ሲቆም እንደ ክፉ ሕንፃ ይቆጠራል።

በግንቦት 2009 የቡድኑ ባለቤት ጄሪ ሞይስ ኪሣራ አስመዘገበ። ብላክቤሪ የተባለውን ስልክ ይሠራ ከነበረው ኩባንያ መሪዎች አንዱ የነበረው ጂም ባልሲሊ ቡድኑን በ212.5 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ወደ ካናዳይቱ ሃሚልተን ለመውሰድ ጠየቀ። ሊጉ ተቃወመ፤ ቡድን የት እንደሚኖር የምወስነው እኔ ነኝ እንጂ የኪሣራ ፍርድ ቤት አይደለም አለ። ዳኛው ሬድፊልድ ባውም የባልሲሊን ጥያቄ ውድቅ አደረጉት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሊጉ ራሱ ቡድኑን በ140 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ያሳዝናል። ግሌንዴል ባዶ አዳራሽ ታቅፋ እንዳትቀር ስለ ፈራች፣ ሁለት ዓመት በተከታታይ 25፣ 25 ሚሊዮን ዶላር ለሊጉ ከፈለች። በ2013 አዲስ ባለቤቶች ሲገኙም ምክር ቤቱ በ4 ለ3 ድምፅ፣ ለአዳራሹ አስተዳደር በየዓመቱ 15 ሚሊዮን ዶላር ለ15 ዓመት ለመክፈል ተስማማ። በሁለት ዓመቱ፣ በሰኔ 2015፣ ያው ምክር ቤት ውሉን ሰረዘ። አከራይ ለተከራይ የሚከፍልበት ውል ምን ያህል ዕድሜ ይኖረዋል? በነሐሴ 2021 ከተማይቱ ኪራዩን ከቀጣዩ የውድድር ዘመን በኋላ እንደማታድስ አስታወቀች።

ቤት ያጣው ቡድን በጥቅምት 2022 በቴምፒ ከተማ በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ተጠጋ። አዳራሹ 4 ሺህ 600 ሰው ያህል ብቻ የሚይዝ፣ ለተማሪዎች የተሠራ ነው። በዓለም ከፍተኛው የሆኪ ሊግ እንዲህ ባለ ቤት መጫወቱ ለተጫዋቾቹም ለሊጉም የሚያሳፍር ነገር ነበር፤ የእንግዳው ቡድን መልበሻ ክፍል እንኳ ገና ተሠርቶ ስላላለቀ በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ጊዜያዊ ቦታ ተዘጋጀለት። የተስፋው መሠረት በዚያችው ቴምፒ፣ ቀድሞ ቆሻሻ ይደፋበት በነበረ 19 ሄክታር በማይሞላ መሬት ላይ፣ አዳራሽና መኖሪያ ቤቶች የሚያካትት የ2.1 ቢሊዮን ዶላር ዕቅድ ነበር። ግንቦት 16 ቀን 2023 የቴምፒ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ዕቅዱን ጣለው። አንዳንዶች ይህን የሆኪ ጥላቻ አድርገው ተረጎሙት። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። ቴምፒዎች የጎረቤታቸውን የግሌንዴልን ሒሳብ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲያነቡ ኖረዋል።

በሚያዝያ 2024 ነገሩ ተፈጸመ። የዩታው ባለሀብት ራያን ስሚዝ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ተጫዋቾቹንና አሠልጣኞቹን ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ወሰደ። በሚያዝያ 17 የተደረገውን የመጨረሻ ጨዋታ ቡድኑ ኤድመንተንን 5 ለ2 አሸንፎ ነው የተሰናበተው። በአሪዞና በነበረባቸው 28 ዓመታት ሆኪ በበረሃው ሥር መስደዱን ግን መካድ አይቻልም፤ በስኮትስዴል ያደገው ኦስተን ማቲውስ በ2016 የሊጉ የመጀመሪያ ተመራጭ ሆኖ ለቶሮንቶ መሰለፉ አንዱ ማስረጃ ነው።

ገዢው ስሚዝ አስቀድሞ የቅርጫት ኳስ ቡድንና አዳራሹም የነበሩት ሰው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከራይነት ሕይወት ቀረለት። ነገር ግን ያ አዳራሽ በ1991 የተከፈተው ለቅርጫት ኳስ ነውና፣ ጄትስ በ1996 ፊኒክስ ሲገባ የገጠመው የጂኦሜትሪ ጣጣ ዳግመኛ ብቅ አለ። በመጀመሪያው ዓመት ሁለቱም ግቦች ያለ እንቅፋት የሚታዩበት መቀመጫ 11 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። በ2025 በጋ የአዳራሹን ውስጥ የመለወጥ ሥራ ተጀመረ። የከተማይቱ ምክር ቤትም ለአዳራሹና ለአካባቢው ሥራ እስከ 900 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ገንዘብ የሚገኝበትን የሽያጭ ግብር አስቀድሞ አጽድቋል፤ እዚህ ሕዝቡ እንደ ቴምፒ በቀጥታ ድምፅ አልሰጠም።

ዊኒፔግስ? ከተማይቱ ቡድኗን ካጣች በኋላ፣ በ2004 በመሐል ከተማ 15 ሺህ ሰው ያህል የሚይዝ አዲስ አዳራሽ ተከፈተ። የአዳራሹ ባለቤት ኩባንያ በ2011 የአትላንታን ቡድን በ170 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ወደዚያ አመጣው። የአትላንታ ሻጮች የቅርጫት ኳሱን ቡድንና አዳራሹን ለራሳቸው አስቀርተው ሆኪውን ብቻ ነው የሸጡት። በዊኒፔግ 13 ሺህ የዓመት ትኬት ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ለሕዝብ የተተወው ድርሻ በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ።

ከ12 ዓመት በኋላ ያ ቁጥር ወደ 9 ሺህ 500 ወረደ። በየካቲት 2024 ሊቀ መንበሩ ማርክ ቺፕማን በዚህ ሁኔታ ለረጅም ጊዜ መቀጠል እንደማይቻል ለጋዜጠኛ ተናገሩ፤ በዚያው ወር የሊጉ ኮሚሽነር ጌሪ ቤትማን ወደ ከተማይቱ መጥተው ሕዝቡን አረጋጉ። እኔ ብጠየቅ፣ ዛሬ ቡድኑና አዳራሹ በአንድ እጅ ስላሉ የዊኒፔግ ሥጋት እንደ 1996ቱ ቅርብ አይደለም እላለሁ። ትንሹ አዳራሽ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ሲሞላ ገቢው ልክ አለው፣ ሲጎድል ደግሞ እያንዳንዱ ባዶ መቀመጫ ከትልቁ አዳራሽ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። በ2025 ጄትስ በመደበኛው ውድድር ከ32ቱ ቡድኖች ከፍተኛውን ነጥብ አግኝቶ አንደኛ ወጣ፤ የአዳራሹ መቀመጫ ቁጥር ግን 15 ሺህ ያህል እንደ ሆነ ነው።