ኸጢቡ በሁለት ስም ያጋለጡት ደብዳቤ

በ5ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ለዐባሲዩ ኸሊፋ ወዚር ለኢብኑል ሙስሊማ አንድ ደብዳቤ ቀረበ። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የኸይበርን ሰዎች ከጂዝያ ነፃ እንዳደረጉ ይናገራል። ሶሐቦች መስክረውበታል፤ የእጅ ጽሑፉም የዐሊይ (ረ.ዐ) ነው ተብሏል። እንዲህ ያለ ወረቀት ፊቱ ሲቀመጥ ደፍሮ የሚጠራጠር ሰው ጥቂት ነው። ወዚሩ ግን ከመፍረዳቸው በፊት ለሐዲስ ሊቁ ለአቡበክር አል-ኸጢብ አል-ባግዳዲ (ረሒመሁላህ) አሳዩት።

ኸጢቡ አገላብጠው አዩትና የተፈበረከ ነው አሉ። ማስረጃ ሲጠየቁ የምስክሮቹን ስም ጠቆሙ። አንዱ ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ናቸው፤ የሰለሙት መካ በተከፈተችበት በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሆን ኸይበር የተከፈተችው ግን በ7ኛው ነው። ሌላው ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረ.ዐ) ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በኸንደቅ ዘመቻ በደረሰባቸው ቁስል በ5ኛው ዓመት፣ ከኸይበር ሁለት ዓመት ቀድመው ወደ አኼራ ሄደዋል። አንዱ ምስክር ገና አልሰለሙም፣ ሌላው በሕይወት የሉም! ጉዳዩ በዚሁ አለቀ። ይኸው ወዚር ኹጥባ አድራጊዎችና ዳዒዎች ሐዲስ ለሕዝብ ከማውራታቸው በፊት ለኸጢቡ እንዲያሳዩ ማዘዛቸውም ተዘግቧል። (ዛሬ ቢሆን ስንቱ የቴሌግራም ቻናል ሥራ ይፈታ ነበር!)

ይህን ታሪክ ስንሰማ የኸጢቡን ሒፍዝ አድንቀን እናልፋለን። ያደረጉት ግን ማናችንም ልንማረው የምንችለው ነገር ነው፦ ማን መቼ ሰለመ፣ መቼ ሞተ፣ ማንን አገኘ ብሎ መጠየቅ። ለዚህ የሚሆን ኪታብ ነበራቸው፤ ራሳቸውም ጻፉ። «ታሪኽ ባግዳድ» የተባለው ሥራቸው ወደ 7,800 የሚጠጉ ሰዎችን አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ ከማን ተማረ፣ ማን ከሱ ወሰደ፣ ስለ ታማኝነቱ ምን ተባለ፣ መቼ ሞተ እያለ። በ463 ዓ.ሂ ከመሞታቸው በፊትም ኪታቦቻቸውን ለሙስሊሞች ወቅፍ አድርገዋል።

በዚያ ዘመን ኪታብ ከመደርደሪያ አውርዶ ለብቻ ማንበብ አይበቃም ነበር። በሸኽ ፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ሲያልቅ ማን እንዳነበበ፣ እነማን እንደሰሙ፣ የትና መቼ እንደሆነ እዚያው ኪታቡ ላይ ይጻፋል። ዘግይቶ የመጣ ካለ ያመለጠው ክፍል ሳይቀር ይመዘገብበታል። ኸጢቡ ለተማሪ ከመከሩት ውስጥ እኛን በጣም የሚገርመን አንድ ነገር አለ፤ በሐዲስና በሐዲስ መካከል ባዶ ክብ አድርግ፣ ከዋናው ቅጂ ጋር ካመሳከርከው በኋላ ክቡ ውስጥ ነጥብ አኑር ይላሉ። ባዶ ክብ ማለት ገና አልተጣራም ማለት ነው። እጃችን ላይ ያለው ስልክ ስንት ዓይነት ምልክት አለው፤ ይህ ግን የለውም።

«ኪታብ ላይ አለ» ማለትም ብቻውን አያድንም። እውቀትን ቻይና ድረስ ሄዶ መፈለግን የሚያዘውን ዝነኛ ንግግር ኸጢቡ ራሳቸው «አር-ሪሕላ» በተባለው ኪታባቸው ከነሰነዱ አስፍረውታል። በ597 ዓ.ሂ የሞቱት ኢብኑል ጀውዚ ግን ከተፈበረኩ ሐዲሶች መካከል ቆጥረውታል። ኸጢቡ ሰው አላሳሳቱም፤ ሰነዱን ማስፈራቸው አንባቢው ሰዎቹን እንዲመዝን ነው። ሰነድ ማየት የማያውቅ አንባቢ ግን ከታላቅ ሊቅ ኪታብም ደካማውን ይዞ ይወጣል።

መንገዱ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። በወሎ ሐሪማዎች ደረሳው ኪታቡን ይዞ ሸኹ ፊት ቁጭ ብሎ ይቀራል፤ የሳተውን ሸኹ ያርሙታል። በሐረር የእጅ ጽሑፎች ላይም የወቅፍ ማስታወሻ እናገኛለን። ዛሬ በከተማ መስጊዶቻችን የኪታብ ቁምሳጥን አለ፤ ቁልፉ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ቁልፉ ይውጣ እንላለን። በሳምንት አንድ ቀን ከዐስር እስከ መግሪብ፣ አንድ ኡስታዝና ጥቂት ወጣት ይበቃል። በሳምንቱ በግሩፕ የተላከ አንድ «ሐዲስ» ይመረጥ። «ቡኻሪ ዘግበውታል» ከተባለ ቡኻሪ ይገለጥ፤ ከሌለ የለም ይባል። ካለበት ሌላ ኪታብ ላይ ከተገኘ ደግሞ የሰነዱ ሰዎች ስም በኢብኑ ሐጀር «ተህዚቡት ተህዚብ» ላይ ይፈለግ። አረብኛ የሚያነብ ሰው «ሻሚላ» የተባለውን የኪታብ ፕሮግራም በኮምፒውተር ቢከፍት ፍለጋው ይቀላል፤ ፍርዱ ግን ከኡለማ ነው።

ለመጀመሪያው ቀን ሥራ ካጣችሁ በየዓመቱ ረመዳን ሲቃረብ የሚዞረውን ውሰዱ፤ የወሩን መግባት ቀድሞ ያበሰረ ሰው እሳት እርም ትሆንበታለች የሚለውን። ኡለማዎች መሠረት የለውም ብለዋል። እናንተ ግን ራሳችሁ ፈልጉት፤ ከየትኛው ኪታብ፣ በየትኛው ሰነድ?