ሰጥተው ማለፍ ሲችሉ ወስደው ያሳደጉ እናት

የዛሬው ትረካችን የወይዘሮ አበበች ጎበና ነው። ልጆቻቸው «እዳዬ» ይሏቸው ነበር። ከማኅፀናቸው የወጣ ልጅ ግን አልነበራቸውም።

ዘመኑ 1928 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ጥቅምት። የጣሊያን ጦር መረብን ከተሻገረ ገና ሳምንታት ናቸው። በየአገሩ ነጋሪት ተጎስሟል፤ ዘማቹ ስንቁን ቋጥሮ ወደ ሰሜን ይተማል። በዚያ ወር በሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል የገጠር መንደር አንዲት ሴት ልጅ ተወለደች። አባቷ በዚያው ጦርነት ሞቱ። አበበች አባቷን በዓይኗ ሳትለያቸው የሙት ልጅ ሆነች።

አያቶቿ ወሰዷት። ዘጠኝ ዓመት እስኪሆናት ያሳደጓት እነሱ ናቸው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ እኚህ ሴት ኋላ ለሌላው የሆኑትን ሁሉ፣ አስቀድሞ ሌላው ለእሳቸው ሆኖላቸዋል።

ከዚያ ወደ እናቷ ተመለሰች። ብዙም ሳትቆይ፣ ገና በአሥር ዓመቷ ግድም፣ ሳትጠየቅ ተዳረች። የዚያን ጊዜ የገጠር ልጅ እንዲህ ያለው ነገር ሲደርስባት ምን መሸሻ ነበራት? ብትጠፋ ዘመድ ይዞ ይመልሳታል፤ ብትመለስ ያው ጎጆ ይጠብቃታል። አበበች ግን ጠፋች፤ ጠፍታም አዲስ አበባ ገባች። ማንም በማያውቃት ከተማ ጥቂት ፊደል ቆጠረች፤ ሥራ ያዘች። ውሎ አድሮ ቡናና እህል በሚያዘጋጅ ድርጅት የጥራት ተቆጣጣሪ ሆነች። አገባች፤ ቤት ሠራች። ከሸበል አቦ በባዶ እጇ ለመጣች ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሰው እጅ የማያዩ፣ የተከበሩ ወይዘሮ ሆኑ።

አሁን ወደ 1972 ዓ.ም. እንሻገር።

ወይዘሮ አበበች ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደ ወሎ ወጡ። ግሸንን ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ አምባሰል ውስጥ፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ምእመኑ ከየአገሩ እየተመመ ይወጣዋል። ስለቱን ያደርሳል፤ ጸበሉን ይዞ ይመለሳል። ወሎ ግን በዚያ ጊዜ ተርቦ ነበር። የ1966ቱ እልቂት ሐዘን ገና አልወጣለትም፤ የ1977ቱ ደግሞ ከፊቱ ነበር። በሁለቱ መካከል ብዙ ሰው የረሳው ሌላ ድርቅ ነበረ፤ ወይዘሮ አበበች የደረሱት እዚያ ላይ ነው።

እሳቸው ራሳቸው ኋላ ደጋግመው እንዳወጉት፣ መንገዱ ለእግር መርገጫ እስኪጠፋ ድረስ የተራበ ሰው ወድቆበት ነበር። ከወደቁት መሐል የሞተች እናት አዩ። ልጇ የእናቱን መሞት አላወቀም፤ ጡቷን ይዞ ሊጠባ ይታገላል። በወይዘሮ አበበች እጅ የነበረው አንድ ዳቦና አምስት ሊትር ጸበል ብቻ ነው። ዳቦውን ቆራርሰው አደሉ፤ ጸበሉንም አጠጡ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ከዚህ ወዲያ ምን ይጠበቅባቸው ነበር? ምንም። ያለቻቸውን ሰጥተዋል። ምጽዋት አድርሰው፣ አልቅሰው፣ «እግዚአብሔር ይሁናችሁ» ብለው ቢመለሱ የሚወቅሳቸው ሰው አልነበረም። እኛም ብንሆን ያንኑ እናደርግ ነበር። እሳቸው ግን ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው ያሉት ልጆች 21 ሆኑ።

ቤት ያለው ሰው ይህን ቁጥር ይረዳዋል። ሃያ አንድ ልጅ ማለት በቀን ስንት እንጀራ ነው? ስንት ልብስ ይታጠባል? ስንቱ ሌሊት ያተኩሰዋል? ከረሃብ የተረፈ ሕፃን ሆዱ ምግብ አይለምድም፤ እንቅልፉም እንቅልፍ አይሆንም። ባለቤታቸው መጀመሪያ ታገሡ፤ በኋላ ግን ምርጫ አቀረቡ፦ ወይ ትዳሩ፣ ወይ ልጆቹ። ዘመድ ወዳጁ «አብዳለች» አለ። ያፈሩት ንብረት፣ የተከበረ ስም፣ የሞቀ ጎጆ በአንድ ወገን፤ የማያውቋቸው ሰዎች ልጆች በሌላው። ወይዘሮ አበበች ልጆቹን ይዘው ወጡ።

የገቡት ደሳሳ ጎጆ ነው። ጌጣቸውን ሸጡ። እንጀራ ጋግረው ሸጡ፤ ጠጅ ጥለው ሸጡ። የትምህርት ቤት መክፈያ ቢያጡ አስተማሪ ፈልገው ልጆቹን እዚያው ጎጆ ውስጥ አስተማሩ። ከምጣድ ሥር ለተነሣ ሰው ጢሱ ዓይን ላይ፣ ድካሙ ወገብ ላይ ይቀራል። ያንን በየቀኑ፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ አመስጋኝ፣ ለዓመታት ተሸከሙት።

ከዚህ ልፋት የተወለደው ድርጅታቸው ሕጋዊ ሆኖ ለመመዝገብ ስድስት ዓመት ያህል ጠበቀ፤ በ1978 ዓ.ም. ተመዘገበ። «አበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር» ይባላል። ከዚያ ወዲህ እጁ ረዘመ። ለወላጅ አልባ ልጆች መኖሪያ፣ ለችግረኛ ልጆች ነጻ ትምህርት ሰጠ፤ ለወጣቶች ሙያ አስተማረ፤ ለሴቶች መቋቋሚያ ሆነ። ኤች አይ ቪ በየቤቱ እናት አባት በሚነጥቅበት ዘመን ደግሞ ከተጎዱት ጎን ቆመ። ከጎጆዋ የወጣው ሥራ ከመዲናዋ ውጭም ደረሰ። እሳቸው የክብር ዶክትሬት ተሰጣቸው፤ የውጭ ጋዜጦች «የአፍሪካዋ ማዘር ቴሬዛ» አሏቸው። ልጆቹ አድገው ተማሩ፤ ሥራ ያዙ፤ ወለዱ፤ እሳቸውም አያት ሆኑ።

ወይዘሮ አበበች ያደረጉት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ኦሮሞው ጉዲፈቻ ይለዋል። የማደጎ ልጅ ከአብራክ ልጅ እኩል ይቆጠራል፤ ይወርሳልም። በሌላውም አካባቢ የጡት ልጅ አለ፤ ቃል ተገባብተው የሚያስተሳስሩት ዝምድና ነው። የሙት ልጅ የሚያነሣ አጎትና አክስት ያልነበረበት ቤት ጥቂት ነው። የእሳቸው ሥራ ታላቅነት ይህን ለሥጋ ዘመድና ለጎረቤት የሚደረግ ነገር፣ ስሙን እንኳ ለማያውቁት ልጅ ማድረጋቸው ነው። ዘሩ ከየት ነው፣ ሃይማኖቱ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው 21 ልጅ በዓመት አይሰበስብም።

ጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የኢትዮጵያ ሕፃናት ለውጭ ዜጎች በጉዲፈቻ እንዳይሰጡ የሚከለክል ሕግ አወጣ። «ልጆቻችን በአገራቸው ይደጉ» የሚለው ቃል መልካም ነው። ነገር ግን ሕግ ልጅ አያጥብም፤ ሌሊት ተነሥቶም አያባብልም። ያንን የሚያደርገው ሰው ነው። ወይዘሮ አበበች ሕጉ ሳይወጣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀድመው፣ ማንም ሳያዝዛቸው ጀምረውታል።

ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሕመም በ85 ዓመታቸው አረፉ። በሕይወት ሳሉ ተጠይቀው፣ የራሳቸው ልጅ ባይኖራቸውም ብዙ ቤተሰብ እንዳላቸው፣ በመረጡትም እንደማይጸጸቱ ተናግረዋል።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ወይዘሮ አበበች ከትርፋቸው አልሰጡም፤ ኑሯቸውን ሰጡ እንጂ። «ሲሞላልኝ እረዳለሁ» የምንል ሰዎች ሁሉ በእሳቸው ፊት መልስ የለንም። ሃያ አንድ ልጅ አሳድጉ የሚል የለም። ነገር ግን በየሰፈራችን እናቱን ያጣ፣ ከአያቱ ጋር የሚኖር፣ መስከረም ሲጠባ ደብተር የሚያጣ አንድ ልጅ አይጠፋም። ስሙን ጠይቁ። ልጃችሁን ስታስመዘግቡ እሱንም አብራችሁ አስመዝግቡት፤ ከማዕዳችሁም አይጉደል። ዘንድሮ አድርጉት፤ ልጅ እስኪሞላልን አይጠብቀንም።