የተኩላ ቆዳ የተደረበበት የራስ ቁር
የሮማ ቀላል እግረኛ፣ 2ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት። በግሪካዊው ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ ገለጻ መሠረት የተሠራ ቅጂ።

ቁሩ ጌጥ የለውም። የተደረበበት የተኩላ ቆዳ ግን ለባሹን ከመከለል ባሻገር አለቆች ከሩቅ ለይተው እንዲያዩት ያደርጋል፤ ማን በጀግንነት እንደተዋጋ፣ ማን እንደሰነፈ የሚለዩት በእሱ ነው።

ቬሊቴስ የሚባሉት እነዚህ ወታደሮች ሌጌዎን በሚባለው ትልቅ የሮማ የጦር ክፍል ውስጥ በዕድሜ ትንሾቹ፣ በሀብትም ድሆቹ ነበሩ። የራሳቸው አለቃ አልነበራቸውም። የመቶ አለቃ የሚመረጠው ከከባድ እግረኞቹ ብቻ ነው። 4,200 እግረኛ ካለው ሌጌዎን 1,200ው ቬሊቴስ ሲሆኑ፣ ማኒፕል ለሚባሉት 30 የጦር ክፍሎች አርባ አርባ ሆነው ይደለደላሉ፤ የሚታዘዙትም በየክፍሉ ላሉት ሁለት የመቶ አለቆች ነው። ውጊያ ሲከፈት ግን ከሰልፉ ቀድመው ወጥተው፣ ተበታትነው ጦር ይወረውራሉ። ከመቶ አለቆቹ ርቀው ለሚዋጉ ለእነዚህ ወጣቶች መታየት ትልቅ ነገር ነበር።

ከጎኑ ያለው የጦር ጫፍ ስስ ተደርጎ የተቀጠቀጠው ሆን ተብሎ ነው፦ አንዴ ሲመታ ይታጠፋል፣ ጠላትም አንስቶ መልሶ ሊወረውረው አይችልም።

ኋላ ላይ የቬሊቴስን ሥራ ከሌሎች ሕዝቦች የተመለመሉ ረዳት ጦሮች ወሰዱት፤ እነሱ የራሳቸው አዛዦች ነበሯቸው።