ጠገራ ብርና ሊሬ፤ በሊማሊሞ መንገድ ስለ ነበረው የገበያ እንቢታ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ትግሬና ወደ ምጥዋ የሚወርደው የጥንት የነጋዴ መንገድ ወገራን አቋርጦ በዳባት ያልፍና ደባርቅ ሲደርስ ምድሩ በድንገት ያልቅበታል። ከዚያ በታች ያለው ሊማሊሞ ነው፤ ደገኛው ከብርድ ወደ ሙቀት፥ ቈለኛውም ከሙቀት ወደ ብርድ የሚተላለፍበት የገደል በር። ጀምስ ብሩስ የተባለው የስኮትላንድ ሰው በአውሮጳ ቍጥር በ1770 ወደ ጎንደር የገባው ይህን ገደል ወጥቶ ነው። ከአፋር በረሓ የተቈረጠው አሞሌ ጨው በትግሬ በኩል፥ የባሕር ማዶውም ጨርቅ ከምጥዋ በዚሁ ይወጣ ነበር፤ ሰሙ፥ ዝባዱና ቡናውም በዚሁ ይወርድ ነበር። ስለዚህ ሰሜንና ወገራ ለሩቅ ተመልካች ከዓለም የተለዩ ቢመስሉም፥ ሕዝባቸው ከሩቅ አገር የመጣ ገንዘብ በእጁ ሲያገላብጥ የኖረ ሕዝብ ነው።

ከገንዘቡም ሁሉ አብልጦ ያመነው የኦስትርያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበትን ጠገራ ብር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 በአውሮጳ ቍጥር ሞተች፤ ብሯ ግን ያው 1780 እንደ ተጻፈበት በቪየና ሲታተም ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ነው፤ ከዚህም ከሺህ 833 እጁ ጥሩ ብር ነው። ገበሬው በዙሪያው ያለውን የላቲን ጽሕፈት ባያነብ የንግሥቲቱን ሻሽ አይቶ፥ የጌጧን ነጥቦች ቈጥሮ፥ ድምፁንም አድምጦ ይቀበላል። ነጥቡ ቢፈዝ ወይም ቢጐድል ይመልሰዋል።

በ1928 ዓ.ም. ኢጣልያ ጎንደርን ከያዘች በኋላ ይህ ብር ጠብ አስነሣ። ጠቡም የተደረገው በመድፍ አጠገብ ሳይሆን በቍና እህልና በእንስራ ማር አጠገብ ነው። አርበኞች የተዋጉት ጦርነት በሽለላና በፉከራ ሲነገር፥ ይህኛው ግን ፎካሪ ስላልነበረው ጥቂት ብቻ ይነገርለታል።

እንዲህ ያለውን ነገር ፈረንጆች ቦይኮት ይሉታል። ቃሉ የሰው ስም ነው። በ1880 በአውሮጳ ቍጥር በአይርላንድ በማዮ አውራጃ ቻርልስ ቦይኮት የሚባል እንግሊዛዊ ሻምበል የአንድ መኰንን ርስት ምስለኔ ሆኖ ከጭሰኞች ግብር ይሰበስብ ነበር። ዘመኑ የከፋ ነበርና ጭሰኞቹ ግብሩ ይቀነስልን ቢሉት ከርስቱ ሊያስለቅቃቸው ተነሣ። እነርሱም ዱላ አላነሡበትም። አጫጁ አላጭድም፥ አጣቢዋ አላጥብም፥ ባለ ሱቁ አልሸጥም፥ ደብዳቤ የሚያመላልሰውም አላመጣም አለ። ሰብሉን የሚሰበስቡ 50 ሰዎች ከሰሜን አይርላንድ ሲመጡ ለጥበቃቸው 1 ሺህ ያህል ወታደር ተሰለፈ፤ 500 ፓውንድ ለማያወጣ ሰብል 10 ሺህ ፓውንድ ያህል ወጣ ይባላል። የዚያ አጥቢያ ቄስ አባ ጆን ኦማሌም ሊቃውንት ለእንዲህ ያለው ነገር የሚናገሩት ቃል ለባላገር የሚከብድ መሆኑን አይተው የሰውየውን ስም ራሱን ግስ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ በፋርስ አገር የሆነው ከዚህ ይበልጣል። ንጉሡ ናስር ኤድዲን ሻህ በ1890 የአገሩን የትምባሆ ንግድ፥ በውስጥ የሚሸጠውንም ወደ ውጭ የሚሄደውንም፥ ለ50 ዓመት ለአንድ እንግሊዛዊ ሰጠ፤ እርሱም ኩባንያ አቆመበት። በ1891 መጨረሻ ሚርዛ ሺራዚ በተባሉት የእስልምና ሊቅ ስም ትምባሆ ማጤስ የሚከለክል ፍርድ ወጣ። በንጉሡ እልፍኝ ያሉ ሴቶች እንኳ ጋያቸውን አስቀመጡ ይባላል። በጥቂት ሳምንትም ውስጥ ውሉ ፈረሰ። ለኩባንያው ግን 500 ሺህ ፓውንድ ካሣ ተፈረደለት፤ ዕዳውም የተጫነው በዚያው ትምባሆውን በተወው ሕዝብ ላይ ነው።

በቅርብ ዘመንም በ1995 ዓ.ም. ኔስትሌ የተባለው የስዊስ ታላቅ የምግብ ኩባንያ በደርግ ጊዜ ስለ ተወረሰ አንድ የከብት ድርጅት 6 ሚሊዮን ዶላር ከኢትዮጵያ ጠየቀ፤ አገሪቱ በዚያን ጊዜ በረኃብ ላይ ነበረች። በአውሮጳ ያሉ የዕቃው ገዢዎች ይህን በሰሙ ጊዜ በአሥር ሺሆች የሚቈጠር የተቃውሞ ደብዳቤ ላኩበት። ኩባንያውም 1 ሚሊዮን ተኩል ተቀብሎ ያንኑ ለተራቡት እርዳታ እንዲውል ሰጠ። ደንበኛ እንዳይርቀው የሚፈራ ነጋዴ ከመንግሥት ክስ ይልቅ የገዢ ቍጣ ያስደነግጠዋል።

እነዚህ ሁሉ የሚጠራ ሰው ወይም የሚገዝት ሰው ነበራቸው። በአማርኛም ለነገሩ የሚቀርቡት ሁለቱ ቃላት ይህንኑ ያሳያሉ። አድማ ቢባል በስውር የተማከሩ ሰዎችን ይፈልጋል፤ ግዝት ቢባል ከካህን አፍ ይወጣል። በኢትዮጵያ ገበያ የሆነው ግን ማንም ሳይማከርበት፥ ማንም ሳይገዝት የሆነ ነው። ደግሞም የአይርላንዱና የፋርሱ ሕዝብ ያስጨነቀው ሥራውንና ደንበኛነቱን በመከልከል ሲሆን፥ የኢትዮጵያው ባላገር የከለከለው እህሉን ነው፤ ገዢው ገንዘብ ይዞ መጣ፥ እርሱም ገንዘብህን አልቀበልም አለው።

ገንዘብ መምረጥም በኢጣልያ ዘመን የተጀመረ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ባወጁት መሠረት የራሳቸው መልክ ያለበት ብር በፓሪስ ተሠርቶ መጣ። ክብደቱ ከማርያ ቴሬዛው አያንስም፤ ጥሩ ብሩም ከሺህ 835 እጅ ስለ ሆነ በጥቂት እንኳ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ከሸዋ ውጭ፥ ይልቁንም ወደ ሰሜን፥ ገበያው አሮጌይቱን ንግሥት መረጠ። የዐድዋው ባለ ድል መልክ ለሞተች ባዕድ ሴት መልክ ስፍራ ለቀቀ። ይህ ነገር በኋላ ለሚመጣው ጥያቄ ስለሚጠቅም ልብ ሊባል ይገባል። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የአቢሲንያ ባንክም ሥሩ በካይሮ ያለው የግብጽ ብሔራዊ ባንክ ሲሆን፥ የ50 ዓመት ውልና የወረቀት ገንዘብ የማውጣት ብቸኛ መብት ነበረው። መብቱ ብቸኛ ቢሆንም ወረቀቱን ከፈረንጆችና ከጥቂት የከተማ ነጋዴዎች በቀር የተቀበለው የለም ማለት ይቻላል። መንግሥት ባንኩን በ1923 ዓ.ም. ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክ አደረገው።

ኢጣልያኖች የገበያውን ጠባይ ሳያውቁ የመጡ አይደሉም። ጦርነቱ ሳይጀመር በ1927 ዓ.ም. ከኦስትርያ ጋር ተዋውለው የማርያ ቴሬዛን ማተሚያ ለ25 ዓመት ከቪየና ወደ ሮማ አስመጡ። የጥንቱን የሮማ ቄሣሮች ክብር እንመልሳለን ሲል ይፎክር የነበረው መንግሥት በሮማ ከተማ ተቀምጦ የኦስትርያን ንግሥት መልክ ያትም ጀመር። ብሩ ለስንቅና ለደመወዝ ያስፈልገው ነበር። አገሩን ከያዘ በኋላ ግን አሳቡ ተለወጠ፤ የአገሩ ሀብት ወደ ኢጣልያ ባንክና ወደ ኢጣልያ ኩባንያዎች እንዲዞር ከተፈለገ ሕዝቡ በሊሬ መገበያየት ነበረበት። ስለዚህ ሐምሌ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሊሬ የአገሩ ገንዘብ ሆነ። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ በአገሩ ካሉት የንግድ ቤቶች ታላቁ የነበረው የህንዱ የሙሐመድ አሊ ኩባንያ እንዲወጣ ተደረገ።

የኢትዮጵያ ባንክ ወረቀት በ3 ሊሬ ተለወጠ። ጠገራውን ከሕዝቡ እጅ ለማውጣት ግን 4 ሊሬ ተኩል፥ ቀጥሎ 5 ሊሬ፥ እንዲህ እየተባለ በመጨረሻ እስከ 13 ሊሬ ተኩል ተሰጠበት። ገዢ ለአንድ ዕቃ የሚሰጠውን ዋጋ ሦስት እጥፍ ያደረሰ እንደ ሆነ ባለ ዕቃው አልሰጥም ብሎታል ማለት ነው። መስከረም 2 ቀን 1931 ዓ.ም. ደግሞ ለምሥራቅ አፍሪካ ብቻ የሚሆን ቀይ ማኅተም የተመታበት ወረቀት ተፈቀደ። ማኅተሙ ወረቀቱን ብር አላደረገውም።

ባላገሩ ያደረገው ነገር ለዓይን የሚታይ አይደለም። እህሉን ከጕድጓድ አላወጣም፤ ከቤቱና ከዘመዱ የተረፈውን ወደ ገበያ ቢያወርድም ጠገራ ካላየ፥ ወይም በአሞሌ፥ በጨርቅ፥ በጥይት ካልተለወጠለት መልሶ ጭኖት ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ ቀድሞ ራሷን ትቀልብ የነበረች አገር ገዦቿን መቀለብ አልቻለችም፤ ኢጣልያ ስንዴ በመርከብ ታስመጣ ጀመር። ኢጣልያኖች የሊማሊሞን ገደል ቈርሰው ያወጡት ጥምዝምዝ የመኪና መንገድ እስከ ዛሬ ለሚያየው ሁሉ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። የደጋው ሀብት ይወርድበታል ተብሎ የታሰበው ያ መንገድ ከአስመራ በኩል የሚመጣ ስንቅ የሚወጣበት ሆነ።

እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ጥያቄ አለ። ይህ እንቢታ የአገር ፍቅር ነበረን? ወይስ የብር ፍቅር? ሊሬው በታወጀበት በዚያው ወር፥ ሐምሌ 22 ቀን፥ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ በጥይት ተገደሉ። የእርሳቸው እንቢታ በአደባባይ የተነገረ፥ በደም የታተመ ነው፤ የገበያውን እንቢታ ከዚያ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለሰማዕቱ ክብር አይገባም። ገበሬው ከሁሉ በፊት ያሰበው በሚመጣው ክረምት ስለ ልጆቹ ነው፤ መንግሥት ቢገለበጥ ወረቀት እሳት ማያያዣ እንደሚሆን፥ ብር ግን ብር ሆኖ እንደሚቀር ያውቃል። በሌላ ወገን ደግሞ ብር ብቻ ወዶ ቢሆን ኖሮ ከማርያ ቴሬዛው የሚበልጠውን የምኒልክን ብር ባልመለሰም ነበር። በልቡ የነበረው የለመዱትንና የታመነውን ይዞ መቆየት ነው፤ ከዚህም ውስጥ የአገር ፍቅሩን ከጥንቃቄው ለይቶ ማውጣት ወርቅን ከናስ እንደ መለየት ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ጠላት የልቡን አሳብ አልጠየቀውም። በጠገራ መገበያየትን ወንጀል ባደረገው ቀን፥ ትናንት ጥንቃቄ ብቻ የነበረውን ነገር ራሱ ዐመፅ አደረገው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጠገራ በመቀነቷ የቋጠረች አሮጊት አሳቧ ምንም ይሁን ምን ከሕግ ውጭ ሆነች፤ ብሯንም ይዛ ስትቀጥል እያወቀች ነው።

የእንቢታው ዕዳ በማን ላይ እንደ ወደቀም መታየት አለበት። መንገዱን ሲሠራ ድንጋይ የፈለጠው ድኻ ደመወዙን የሚቀበለው በሊሬ ነው። ማታ በሊሬው እህል ቢፈልግ ሻጩ ፊቱን ያዞርበታል፤ ካልሆነም በጠገራ ከሚገዛው ሰው ይልቅ እጅግ አስወድዶ ይሸጥለታል። የከተማ ሰውም እንዲሁ ተጨነቀ። የጦር አለቃው ከመርከብ የመጣ ስንዴ ሲበላ ይህ ሰው ባዶ አቍማዳ ይዞ ይመለሳል፤ ለእርሱ ገበሬው አርበኛ ሳይሆን ጨካኝ ሻጭ መስሎ ታይቶት ይሆናል። ገበያውን የሚያመሰግን ሁሉ ይህን ሰው ሊረሳው አይገባም።

የጠገራው ኃይል ለኢጣልያ ጠላቶችም የተሰወረ አልነበረም። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ኮሎኔል ሳንድፎርድ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ፥ ቀጥሎም የንጉሠ ነገሥቱ ጦር ሲከተል፥ ከጠመንጃው ጋር የተጫነው ጠገራ ብር ነው፤ እንግሊዞችም በቦምቤይ ሳይቀር አሳተሙት። በአንድ ዘመን ሮማም ለንደንም የሞተችውን ንግሥት ያትሙ ነበር።

ከሊማሊሞ አፋፍ ያለው የወልቅፊት ምሽግ በአርበኞችና በእንግሊዝ መኰንኖች በሚመሩ ሰዎች ተከብቦ ለወራት ቈየ። ስንቁ ባለቀ ጊዜ በመስከረም 1934 ዓ.ም. አዛዡ ኮሎኔል ጎኔላ 3 ሺህ ከሚያህል ሰው ጋር እጁን ሰጠ። በኅዳር ጎንደርም ተለቀቀች። ወልቅፊትን ያስራበው ከበባው ነው እንጂ ገበያው አይደለም፤ ሆኖም አምስት ዓመት ሙሉ በመኪና ስንቅ የኖረ ሠራዊት መንገዱ በተዘጋበት ጊዜ የሚሸጥለት ጎረቤት አልነበረውም።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ወጣ። መንግሥት የገበያውን ጠባይ ስለሚያውቅ ወረቀቱን ብቻውን አልላከውም፤ ከአሜሪካ በተገኘ ብር 50 ሳንቲሙን ከመቶ 80 እጅ ጥሩ ብር አድርጎ አሠራው። ሕዝቡም 50 ሳንቲሙን በደስታ ተቀበለ። ተቀብሎም ብዙውን እንደ ጠገራው በሣጥን አስቀመጠው፤ ከጥቂት ዓመት በኋላም መንግሥት ጥሩ ብሩን ወደ 70 እጅ ዝቅ አደረገ።