የወንዝ ራፍቲንግ በኢትዮጵያ

ራፍቲንግ በአየር በተነፋ የጎማ ጀልባ ፈጣን ወንዝን ተከትሎ የመውረድ ስፖርትና የጉዞ ዓይነት ነው። በአንድ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስምንት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ከኋላ ያለው መሪ አቅጣጫ ሲያዝ ሌሎቹ ይቀዝፋሉ። ለብዙ ቀናት ጉዞ ስንቅና ድንኳን የሚጭን፣ አንድ ሰው በሁለት ረጃጅም መቅዘፊያዎች የሚነዳው ጀልባም አለ። ቲዩቢንግ የሚባለው ደግሞ በመኪና ጎማ ውስጠኛ ክፍል (ከመነዳሪ) ላይ ተቀምጦ በውሃ መንሳፈፍ ነው። ለዝግተኛ ውሃ የሚሆን መዝናኛ እንጂ ለጥልቅ ሸለቆ የሚበጅ አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ለራፍቲንግ የታወቁት ወንዞች አባይ፣ ተከዜና ኦሞ ናቸው። ሦስቱም ከደጋ ተነሥተው በጥልቅ ሸለቆ ወደ ቆላ ይወርዳሉ። አባይ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ላይ ነው፤ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ገደማ ይወርዳል።

ታሪክ

የአካባቢው ሰዎች እነዚህን ወንዞች በታንኳ፣ በዋናና በተነፋ የፍየል አቅማዳ ሲሻገሩ ኖረዋል። ሸለቆውን ተከትሎ ቁልቁል መውረድ ግን የቅርብ ጊዜ ሙከራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በእንግሊዛዊው መኮንን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ ቡድን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ፈቃድ አባይን በጀልባ ወረደ። በጉዞው ኢያን ማክሊዮድ የተባለ ወታደር አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ሰምጦ ሞተ። አደጋው የደረሰው በዋናው ወንዝ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ክረምት ላይ ትንሽ የሚመስል ገባር ወንዝም ሰው ይወስዳል።

እ.ኤ.አ. በ1973 አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስና ጓደኞቹ በኦሞ ላይ ጉዞ ጀመሩ። ያቋቋሙትንም ድርጅት በአዞ በሚመሰለው የጥንታዊ ግብፅ አምላክ ስም ሶቤክ አሉት። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ከአባይ ምንጭ ተነሥተው በሚያዝያ 2004 ሜድትራንያን ባሕር ደረሱ።

የውሃው መጠንና ወቅት

የወንዝ አስቸጋሪነት በዓለም አቀፍ መለኪያ ከ1 እስከ 6 ይመደባል። 1 ለስላሳ ውሃ ነው፤ 6 ለባለሙያም ቢሆን ሕይወትን የሚያሰጋ ነው። ሆኖም ቁጥሩ እንደ ተራራ ከፍታ የቆመ አይደለም። ያው ቋጥኝ በበጋ ግጥጥ ብሎ ይታያል፣ በክረምት በውሃ ተሸፍኖ ከበስተኋላው ጀልባ ይዞ የሚያስቀር አዙሪት ይፈጥራል። ውሃው ሲሞላ ለማረፍ የሚሆኑ ጸጥ ያሉ ጥጎችም ይጠፋሉ። በጣም ሲጎድል ደግሞ ጀልባውን በትከሻ ተሸክሞ ድንጋዩን ማለፍ ግድ ይሆናል። በኦሞ ላይ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት መጓዝ የተለመደው ለዚህ ነው።

ደራሽ ውሃ የተለየ ስጋት ነው። ሸለቆው ውስጥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ በላይ ደጋ የጣለው ዝናብ ከሰዓታት በኋላ ይደርሳል። ስለዚህ የሚታደረው ምቹ በሚመስለው የወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ሳይሆን የቀድሞ ጎርፍ ቅርንጫፍና ገለባ ትቶ ካለፈበት መስመር በላይ ነው። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ ወይም ግንድ ይዞ ከመጣ ወንዙ እየሞላ ነው ማለት ነው።

ዝግጅት

ዕቅዱ የሚጀምረው ከመግቢያው ሳይሆን ከመውጫው ነው። በአባይ ሸለቆ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል እንዳለው ድልድይ ያለ የመኪና መንገድ የሚደርስባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። በመካከላቸው ያለው መውጫ ወደ መልካ የሚወርድ የእግር መንገድ ብቻ ሊሆን ይችላል። እግሩ የተሰበረ ሰው በዚያ ከ1,000 ሜትር በላይ ዳገት በቃሬዛ ይወጣል። እያንዳንዱን መልካ አስቀድሞ በካርታ ላይ ምልክት ማድረግና ለወረዳው አስተዳደር የሚጠበቀውን ቀን ማሳወቅ ያስፈልጋል። ከሸለቆው ነዋሪዎች መንገድ የሚመራ ሰው መያዝም ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል።

ከአንድ በላይ ጀልባ መኖር አለበት፤ አንዱ ቢገለበጥ ሌላው ሰው ያነሣል። የሕይወት አድን ጃኬትና የራስ ቁር የግድ ናቸው፤ የመወርወሪያ ገመድ፣ ትርፍ መቅዘፊያና የጎማ መለጠፊያም ይያዛል። ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ተንጋሎ እግሩን ወደ ውሃው መውረጃ ያደርጋል። በፈሳሽ ውሃ ውስጥ ለመቆም መሞከር እግርን በድንጋይ መካከል ያስይዛል፣ ከዚያ በኋላ ውሃው ራሱ ይደፍቃል። ጉማሬ ጥልቅ ኩሬ ስለሚወድ ጀልባ በጉማሬውና በጥልቁ ውሃ መካከል አይገባም። አዞ ባለበት ውሃ ዳር መታጠብም አይገባም። ደጋው ቢበርድም የሸለቆው ወለል ሞቃትና ወባማ በመሆኑ አጎበርና የወባ መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ግድቦች

የቆዩ የጉዞ መጻሕፍት የሚገልጿቸው አንዳንድ መስመሮች ዛሬ የሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጠናቀቀው የተከዜ ግድብና በ2016 የተመረቀው ግልገል ጊቤ 3 ፈጣን ውሃ የነበረባቸውን ሸለቆዎች ሐይቅ አድርገዋቸዋል። የጊቤ 3 ሐይቅ ብቻውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። ከጣና በታችም በ2010 የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውሃ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚወስድ ወደ ጢስ አባይ የሚወርደው ቀንሷል። ከግድብ በታች ውሃው ዝናብ ሳይኖርም ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ የሚለቀቅበትን ጊዜ ከመነሻው ቀን በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል።