የእጅጋየሁ ሽባባው «ጂጂ» አልበምና የጎጃም ዜማ

ከደምበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ በኩል እንጅባራ የሚደርሰው መንገድ፥ ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲታጠፍ ወደ ቻግኒ ይወስዳል። ጂጂ በመባል የታወቀችው ድምፃዊት እጅጋየሁ ሽባባው የቻግኒ ልጅ ናት። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በ2001 በቅጽል ስሟ የወጣው አልበም ከምን እንደ ተሠራና በአገር ቤት ስለ ምን ክርክር እንዳስነሣ መመርመር ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አልበሙ በውጭ አገር እንደ መጀመሪያ ሥራዋ ተቈጠረ። ነገር ግን ጂጂ ከዚያ በፊት በስደት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሁለት አልበሞች አቅርባ ነበር። ኬንያ ጥቂት ዓመታት ኖራ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የተሻገረችው በ1998 ገደማ ነው። እንግዲህ የ2001ዱ ሥራ ለዓለም ገበያ መጀመሪያ ይሁን እንጂ ለእርሷ ሦስተኛ ነው።

ወደዚህ ገበያ ያስገባት ክሪስ ብላክዌል ነው። ይህ ሰው ቀድሞ አይላንድ ሪከርድስ በተባለው ኩባንያው የጃማይካን ሬጌ ለዓለም ያስተዋወቀ ነው። የአልበሙ አዘጋጅ ቢል ላስዌል ደግሞ ሄርቢ ሃንኮክን፥ ዌይን ሾርተርንና ፋሮ ሳንደርስን የመሰሉ የአሜሪካ ጃዝ ሊቃውንት ሰብስቦ አጃቢ አደረጋቸው። በውጭ አገር ሥራው ተመሰገነ። በአገር ቤት ግን ከተለመደው የኢትዮጵያ ዘፈን አጉል ርቋል በሚል ብዙ አከራከረ።

ነቀፌታው መሠረት የለውም አይባልም፤ አጃቢው በእርግጥ ባዕድ ነው። ዜማውና ነገሩ ግን ከየት መጣ? ጂጂ ዜማ የተማረችው በቤታቸው ከነበረ ካህን መሆኑን ተናግራለች። በማሕሌት ግን ሴት አትቆምም፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ የሰማችውን የምታወጣበት በር ዘፈን ሆነ። ከዘፈኖቹም አርእስት «ዐባይ»፥ «ባለ ዋሽንቱ»፥ «ካህን» እና «ዓድዋ» ይገኛሉ። የ2006ቱ አልበሟ ስም እንኳ ዋሸራና ጎንጅ ከታወቁበት ከቅኔው ሰምና ወርቅ የተወሰደ ነው።

የትኛው ወገን እውነት እንደ ያዘ የሚያሳየው የ2003 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት ላስዌል ያንኑ አልበም አፍርሶ እንደ ገና ሲሠራው ድምጿን ወደ ኋላ ገፍቶ ማጀቢያውን አጐላ። በዚያው ዓመት «ጽዮን ሩትስ» የተባለው ሌላው ሥራ ወደ አገር ቤት መሣሪያዎች አዘነበለ። ሁለቱን ያነጻጸረ ሰው ይህን ያስተውላል፤ ከመጀመሪያው ቃሏ ሲቀነስ ጎጃምም አብሮ ይቀነሳል፤ በሁለተኛው ግን መሣሪያው ቢለወጥም ያችው ጂጂ ናት። ስለዚህ አገሩን የያዘው ቃሏና ዜማዋ ነው እንጂ መሣሪያው አይደለም ለማለት ይቻላል።

ከዚህ አንድ ነገር ልንማር ይገባናል። የጎጃም ዜማ ኒው ዮርክ ደርሶ መከበሩ መልካም ነው። ነገር ግን የቻግኒዋ ልጅ ያን ዜማ ለዓለም ያደረሰችው ቤት ውስጥ የሚያሰማት ሰው ስለ ነበረ ነው። በደምበጫና በአካባቢዋ በአረም፥ በአጨዳና በሠርግ የሚዜመውን የሚያውቁ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ሳሉ፥ ከእኛ መካከል ወደ አገሩ ለዕረፍት የሚሄድ ሁሉ ቃሉን በደብተር፥ ድምፁን በመቅረጫ ይዞ ይመለስ። ሰሚ ያጣ ዜማ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።